የወር ክፍያና የቡና ገቢ፤ በመቱና በኢሉባቡር ከተሞች የቴሌቪዥን ወጪ እንዴት ይቃለል እንደ ነበር

የኢሉባቡርን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ጎሬን ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ ራስ እምሩ አፈግፍገው የደረሱባት፣ የመንግሥትም ሥራ ለጥቂት ወራት የተካሄደባት ከተማ እርሷ ናትና። ኋላ በ1970 ዓ.ም. ገደማ የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ወደምትገኘው ወደ መቱ ተዛወረ። እኔ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ የማቀርበው የጦርና የሹመት ታሪክ ሳይሆን እጅግ ትንሽ የሚመስል የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የነዚህ ከተሞች ሰዎች ቴሌቪዥን ለማየት የሚወጣውን ገንዘብ እንዴት አድርገው ያቃልሉት እንደ ነበር ነው።

ጉዳዩ መመርመር የሚገባው በሚከተለው ምክንያት ነው። ካርድ ተሞልቶ የሚታይ ቴሌቪዥንም ሆነ በኢንተርኔት የሚታይ ፊልም በየወሩ ይከፈልበታል። ይህ አከፋፈል የታሰበው በየወሩ ደመወዝ ለሚቀበል ሰው ነው። የኢሉባቡር ሰው ኑሮ ግን የተመሠረተው በቡና ላይ ነው። ቡናው በጥቅምትና በጥር መካከል ተለቅሞ ይሸጣል፤ ገበሬው ብቻ ሳይሆን ልብስ ሰፊውም፣ ሻይ ቤቱም፣ ባለ ሱቁም ዓመቱን የሚገፋው በዚያች ገንዘብ ነው። እንግዲህ ገንዘብ በዓመት አንድ ጊዜ የሚገባለት ሕዝብ በየወሩ ክፈል የሚለውን ነገር እንዴት አድርጎ ተጠቀመበት? ለዚህ መልስ ስፈልግ የተመለከትሁት ተወልጄ ባደግሁባት በመቱ ያየሁትን፣ በጎሬና በበደሌ ከዘመዶቼ የሰማሁትን፣ እንዲሁም የአንድ ዲኤስቲቪ ቤት ባለቤት የነገሩኝን ነው። ባለቤቱ ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ፈለጉ አልጻፍሁትም።

ነገሩ የጀመረው በቴሌቪዥን አይደለም። ከዚያ በፊት ትራንዚስተር ሬዲዮ ነበረ፤ ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ይሰማ የነበረውን የብሥራተ ወንጌልን ሬዲዮ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች በመቱ ዛሬም አሉ። የሬዲዮ ወጪው የባትሪ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ከሬዲዮው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ቀን ያገለግላል ይባላል። ይህ በርግጥ ኃይል ይጨምርለት እንደ ሆነና እንዳልሆነ ለፊዚክስ ተማሪዎች እተወዋለሁ። ለታሪክ የሚጠቅመው ሌላው ነገር ነው። ሬዲዮ ያለው ሰው የዜና ሰዓት ሲደርስ በረንዳ ላይ አውጥቶ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ቡናውን ግን ጎረቤቶቹ በተራ ያፈላሉ። የሬዲዮ ባለቤት ድንጋይ ይገዛል፣ ሰሚው ቡና ያመጣል ማለት ነው። የኋላው ሁሉ ከዚህ ልማድ የተወለደ ይመስለኛል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ሥርጭቱ በአዲስ አበባ ብቻ ነበር። ወደ ምዕራብ ሲደርስም ችግሩ መብራት ነበር። በሶር ወንዝ ላይ የተሠራው 5 ሜጋ ዋት የሚሰጠው የውኃ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1982 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ጊዜ ቴሌቪዥን ማለት በቀበሌ አዳራሽ ወይም በአንድ ሀብታም ነጋዴ ሳሎን የሚታይ ነገር ነበር፤ ስለዚህም ወጪው ብዙ ሰው አላስጨነቀም።

ያስጨነቀው ቪዲዮ ቤት ሲመጣ ነው። ቪዲዮ ቤት አንድ ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክና ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ያሉት ቤት ነው። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ይሸፈናል፤ የፊልሙ ስም በር ላይ ባለ ሰሌዳ በጠመኔ ይጻፋል። የሕንድና የካራቴ ፊልም ይበዛ ነበር፤ ኋላም በአማርኛ ድምፅ የተተረከባቸው ትርጉም ፊልሞች መጡ። የተማርሁበት ሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ቤት ገንዘብና ጊዜ የሚጠፋበት ቦታ ብለው አጥብቀው ይከለክሉን ነበር። ስለ ጊዜው የተናገሩት እውነት ሊሆን ይችላል። ስለ ገንዘቡ ግን የተሳሳቱ ይመስለኛል፤ በከተማው ውስጥ ያለ ዴክና ያለ ካሴት በጥቂት ሳንቲም ፊልም የሚታይበት ሌላ ቦታ አልነበረምና። ሳንቲም ያልነበረው ልጅም በጀሪካን ውኃ አምጥቶ ወይም ወንበር ጠርጎ ይገባ ነበር።

ዲኤስቲቪ በመጣ ጊዜ ይኸው ቤት ጨርቁን ሳይለውጥ ኳስ ማሳያ ሆነ። የሒሳቡን አሠራር በምሳሌ ላስረዳ። የወሩ ክፍያ 1500 ብር ነው እንበል። አንድ መምህር ይህን ከደመወዙ ብቻውን ቢከፍል የልጆቹን ደብተር ይነካበታል። 60 ሰው በሚይዝ ቤት ግን እያንዳንዱ ለአንድ ጨዋታ 10 ብር ቢከፍል በሦስት ጨዋታ 1800 ብር ይሰበሰባል። የወሩ ዕዳ በሦስት ጨዋታ ተዘጋ ማለት ነው፤ የቀረው ለኪራይ፣ ለመብራትና ለባለቤቱ ነው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድኋቸው ናቸው፤ አካሄዱ ግን ባለቤቱ እንደ ነገሩኝ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የጊዜው ጉዳይ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚጀመረው በነሐሴ ነው። ነሐሴ በኢሉባቡር ከወራት ሁሉ ኪስ የሚራቆትበት ነው፤ ያለፈው ቡና ገንዘብ አልቋል፣ የሚመጣው ገና ዛፍ ላይ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ደብተር ይይዛሉ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የገባ የታወቀ ሰው ስሙ ይመዘገባል፤ ዕዳውን በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ጀንፈል ሲሸጥ ይከፍላል። እንግዲህ ኩባንያው የሚያውቀው በየወሩ የሚከፍል አንድ ደንበኛ ነው፤ ከዚያ ደንበኛ በስተጀርባ ግን በቡና ወር የሚከፍሉ ብዙ ሰዎች አሉ። የወሩን ክፍያ ወደ ቡናው ዘመን የሚመልሰው ይህ ደብተር ነው። ሊጉ በግንቦት ሲያበቃ ባለቤቱ ካርዱን ሳይሞሉ እስከ ነሐሴ ይቆያሉ። የዓለም ዋንጫ የመጣ ዓመት ብቻ፣ ለምሳሌ በ2010 ዓ.ም. ክረምት፣ ይህን ማድረግ አልቻሉም፤ ያን ዓመት ከዱቤው አንዳንዱ ሳይከፈል እንደ ቀረ በቅሬታ ነግረውኛል።

ዝናቡም አለ። ጎሬ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ብርቱ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ከሳተላይት የሚመጣው ምልክት ይቋረጣል። የአዲስ አበባ ደንበኛና የጎሬ ደንበኛ እኩል ይከፍላሉ፣ እኩል ግን አያዩም። በቤቱ ብቻውን ቢከፍል ጉዳቱ በአንድ ሰው ላይ ይወድቃል። በኳስ ቤት ግን ጨዋታው ከዕረፍት በፊት ከተቋረጠ ገንዘቡ ይመለሳል፤ ከዕረፍት በኋላ ከሆነ አይመለስም። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ ሲጣሱት ግን ጠብ ይነሣል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ የወንዶች ታሪክ ነው። ታላቅ እኅቴ ከኳስ ቤቱ በር አጠገብ በቆሎ እየጠበሰች ሦስት ክረምት ሸጣለች፤ የውስጡን ጩኸት ታውቃለች፣ ውስጡን ግን አይታው አታውቅም። ሴት ልጅ እዚያ ብትገባ የሚወራባትን መቱ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ከተማው ወጪ አቃለለ ስንል የከተማው እኩሌታ አቃለለ ማለታችን ነው፤ ሌላው እኩሌታ ያቃለለው ባለማየት ነበር።

ይህን የለወጠው የወር ክፍያ የሌለው ዲሽ ነው። ኢቢኤስ በ2000 ዓ.ም.፣ ቃና ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምሩ ዲሽና ሪሲቨር የገዛ ሁሉ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚያያቸው ሆኑ። ቃና የውጭ አገር ተከታታይ ድራማ በአማርኛ እየተረጎመ ስላቀረበ ወሬው በአንድ ወቅት በየጓዳው ገባ። በሰፈራችን የነበሩ ሴቶች በዚያን ጊዜ ዕቁብ ገቡ፤ ዕጣው የወጣላት ዲሽና ሪሲቨር ትገዛለች፤ ያልወጣላቸው ተራቸው እስኪደርስ ከእርሷ ቤት ያያሉ። ዕቁቡ የተጀመረው በኅዳር ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃ ዕቃ ከቡና ገቢ ጋር ይስማማልና። እናቴ ዕጣው የወጣላት ስድስተኛ ሆና ነው፤ እስከዚያ ድረስ ማታ ማታ ቡና ይዛ ትሄድ ነበር፤ ልክ እንደ ሬዲዮው ዘመን። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ ዲሹን ለማዞር ጣሪያ የሚወጣ ሰው መክፈል አስፈለገ፤ ወጪው ግን የአንድ ቀን ብቻ ነበር።

ስለ ኢንተርኔቱ ፊልም የማቀርበው ጥቂት ነው። ኔትፍሊክስ በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቢከፈትም ክፍያው በውጭ አገር ካርድ ስለ ሆነ በመቱ ከፍሎ የሚያይ ሰው አላጋጠመኝም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ወጣቱ የያዘው መንገድ ሌላ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋ በ43 በመቶ ከቀነሰ በኋላ አንዱ በሌሊት ፓኬጅ ከቴሌግራም ያወርዳል፣ ሌሎቹ ከእርሱ በፍላሽ ይገለብጣሉ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላው አገር ለሳምንታት ሲቋረጥ ከእጅ ወደ እጅ የዞረው ይኸው ፍላሽ ነበር። ይህን ግን ቁጠባ ብዬ ለመጥራት እቸገራለሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማባዛትን ይከለክላል። የኳስ ቤቱ ባለቤትም የቤት ካርድ ለሕዝብ በማሳየታቸው ከነቀፋ ነፃ አይደሉም፤ ቢሆንም በየወሩ አንድ ክፍያ ይከፍላሉ። ፍላሹ ግን ለአማርኛም ሆነ ለኦሮምኛ ፊልም ሠሪ አንዲት ሳንቲም አያደርስም። ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም፤ እኔም ራሴ ሁለት ፍላሽ እንዳለኝ አልክድም።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት መቱ ሄጄ ወደ ኳስ ቤቱ ጎራ ብዬ ነበር። ከአግዳሚዎቹ እኩሌታው ወጥቶ በስፍራው የፑል ጠረጴዛ ገብቷል። ዋጋውም ጨምሯል፤ በነሐሴ ግን ደብተሩ ዛሬም ይከፈታል። ባለቤቱ ገልጠው አሳዩኝ፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ የሁለት ሴቶች ስም ተጽፏል፤ በስማቸው ትይዩ ያለው ዕዳ ተከፍሎ ተሰርዟል።