ስለ ልጁ የሚናገረው ማነው?

ማንኪራ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ቡና ነው። የካፋ ሰው «ቡና የኛ ነው» ሲል ጣቱን የሚቀስረው ወደ ማንኪራ ጫካ ነው፤ ብሔራዊው የቡና ሙዚየም ቦንጋ ላይ የተሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ግን ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ችሎት ነው። ከማንኪራ ተነስቶ ቦንጋ ዳኛ ፊት የሚቆም አዋቂ ሌላው ቢቀር አንደበት አለው። ሁለት ዘመዶች የሚካሰሱበት ልጅስ?

ካፋ ገና በደቡብ ክልል ሥር በነበረበት ዘመን፣ ከዚያው ክልል ፍርድ ቤቶች ተነስቶ አዲስ አበባ የደረሰ አንድ ጉዳይ አለ፤ የሰበር መዝገብ ቁጥር 23632። የልጁ እናት ሞታለች። ያሳደገችው አክስቱ ናት። ለዓመታት ዞር ብሎ ያላየው አባት መጣና «ልጄን ስጡኝ» አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች የክልሉን የቤተሰብ ሕግ ገልጠው፣ አንዱ ወላጅ ሲሞት አሳዳጊነቱ በሕይወት ላለው ወላጅ ነው ብለው ፈረዱለት። ሕጉን ብቻ ካነበብን አልተሳሳቱም።

አክስት ግን አልተቀመጠችም። ሰበር ሰሚ ችሎቱ በ2000 ዓ.ም. ፍርዱን ሻረው። የተመረኮዘው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36(2)ና በሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 3 ላይ ነው፤ ከወላጅ መብት በፊት የልጁ ደኅንነት ይታያል። የሚገርመው፣ ኮንቬንሽኑ በአዋጅ 10/1984 ይጽደቅ እንጂ ሙሉ ቃሉ በነጋሪት ጋዜጣ አልወጣም ነበር። «ያልታተመ ሕግ እንዴት ይጠቀሳል?» የሚል የሕግ ባለሙያ ሞልቶ በነበረበት ጊዜ ችሎቱ ጠቀሰው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ክርክሩ የአክስትና የአባት ነበር። አክስቲቱ ደክሟት ብትተወው ኖሮ ስለ ልጁ አቤት የሚል አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ሲያትል ውስጥ ዴቪድ ሱካፕ የሚባል ዳኛ ይኼው ነገር እንቅልፍ ነሳው። ስለ ተበደሉና ስለ ተጣሉ ልጆች የሚወስነው ግማሽ ወሬ ይዞ እንደሆነ ገባው። ስለዚህ ተራ ሰዎችን በበጎ ፈቃድ አሠለጠነ። ጠበቃ መሆን አይጠበቅባቸውም፤ ልጁን ያነጋግራሉ፣ ቤቱንና ትምህርት ቤቱን ያያሉ፣ ከዚያ ለዳኛው ይናገራሉ።

የኛ አገር መንገድ በጠበቆች በኩል ነው የሄደው። በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በነፃ መቆም ጀመረ። አርሲ ውስጥ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችው የ14 ዓመት ልጅ ነፃ የወጣችው ማኅበሩ ቆሞላት ነው፤ «ድፍረት» የተባለውን ፊልም ያየ ታሪኩን ያውቀዋል። ከመሥራቾቹ አንዷ መዓዛ አሸናፊ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብም በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ እንዲሠሩ አዟል።

ደንቡ ግን የፌዴራል ነው፣ ጠበቃውም በብዛት ያለው አዲስ አበባ ነው። ከማንኪራ ለሚመጣ ልጅ አሁንም የሚደርስለት ዘመድ ነው፣ ዘመድ ካለው። በ1997 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ 454 ጀምሮ የሰበር ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል፤ ቦንጋም እዚያው ውስጥ ናት። 23632 በሰበር ውሳኔዎች ቅጽ 5 ታትሟል። ጎረቤታችሁ ያለች አክስት እንዲህ ያለ ክስ ከገጠማት ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ስጧት።