የመንቃት ቃላት በአማርኛና በኦሮምኛ፦ ከዲክሲስ አንጻር የተደረገ አጭር ታሪካዊ ምርመራ

ከእንቅልፍ መነሣትን የሚገልጹ ቃላት በብዙ ቋንቋዎች ከአልጋና ከመኝታ አልፈው ወደ አእምሮና ወደ ማኅበራዊ ኑሮ ሲሻገሩ ይታያሉ። በእንግሊዝኛ ነቃ ማለት የሆነው «ዌክ» እና ጠበቀ ማለት የሆነው «ዎች» የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው፤ ሌሊት ያልተኛው ዘበኛ ሁለቱንም ይዞ ነበርና። በሳንስክሪት «ቡድሃ» የሚለው የማዕረግ ስም የነቃ ማለት ነው። በእኛም ዘንድ ግዕዙ «ተግሀ» ሌሊት በንቃት መቆየትን ሲያመለክት፣ ከእርሱ የተገኘው «ትጋት» ዛሬ በአማርኛ የሥራ ጽናት ስም ሆኗል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ በአርሲ ደጋ እንደ ዲክሲስ ባለ ሁለት ቋንቋ በሚሰማበት አገር እነዚህ ቃላት እንዴት እንደሚኖሩና መዝገበ ቃላትም ስለ እነርሱ ምን ሊመዘግብ እንደሚገባው ነው።

«ነቃ» ላይ ላዩን ሲያዩት አንድ ቃል ይመስላል። ነገር ግን «ልጁ ነቃ» እና «ግድግዳው ነቃ» የሚሉት ዐረፍተ ነገሮች ሥራቸው ለየብቻ ነው። የመጀመሪያው ከግዕዝ «ነቅሀ» የመጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው መሰንጠቅን ከሚያመለክተው «ነቅዐ» የወረደ ነው፤ የውሃ ምንጭ «ነቅዕ» የተባለውም መሬት ሰንጥቆ ስለሚወጣ ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን «ሀ»ንና «ዐ»ን በእነዚህ ቦታዎች ሲያጠፋ ሁለቱ ግሦች በአንድ መልክ ተገናኙ። ስለዚህ «ንቃት»ንና «ንቃቃት»ን በአንድ መነሻ ሥር ማስፈር ስሕተት ነው፤ ለየራሳቸው ማረፊያ ያስፈልጋቸዋል።

ከ«ነቃ» ጎን የቆሙትም ቃላት ትርጉማቸው አንድ አይደለም። የደነገጠ ሰው «ባነነ» ይባላል፤ ከመኝታው የተለየ «ተነሣ» ይባላል፤ ሌላውን ከእንቅልፉ የሚያነቃ ደግሞ «ቀሰቀሰ» ይባላል። እሳትም ጠብም ይቀሰቀሳሉ። «ቅስቀሳ» የፖለቲካ ቃል ለመሆን የበቃው ይህ ነባር የመነካካትና የማነሣሣት ጠባይ ስላለው ነው።

የ1966 ዓ.ም. አብዮት ከመጣ በኋላ እነዚህ ቃላት ከባድ ሸክም ተሸከሙ። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘማቾች ወደ ገጠር ሲወጡ፣ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ፣ «ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ» የሚለው አነጋገር በየስብሰባው ይሰማ ጀመር። «ንቃተ ኅሊና»፣ «የመደብ ንቃት» የሚሉ ስያሜዎችም ጸኑ። ስያሜዎቹ ለትርጉም ሥራ የጠቀሙ መሆናቸውን አንክድም። ነገር ግን «ነቃ» ሰው ራሱ የሚያደርገው ግሥ ሲሆን «አነቃ» ግን አንቂና ተነቂ ይጠይቃል። አንቂ ካለ የተኛ አለ ማለት ነው። ጎሕ ሳይቀድ በሬውን ጠምዶ ወደ ገብስ ማሳው የሚወርደው፣ ወይም በሱብሂ አዛን የሚነሣው የአርሲ ገበሬ በዚህ አነጋገር «ያልነቃ» ተብሎ ተቈጠረ። አንድ ቅጥያ የሰውን ማዕረግ ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

የዚያው ገበሬ ኦሮምኛ ግን የራሱ የመንቃት ቃል ነበረው፤ እርሱም «ደመቄ» ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን በግዕዝ ፊደል ባስተማረበት ጊዜ፣ መንቃት የሚለው ቃል «ደመቁ» ተብሎ ሲጻፍ አማርኛ አንባቢ «አማሩ፣ ፈኩ» ብሎ ሊያነበው ይችል ነበር። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ ስለሚጻፍ ይህ መመሳሰል በገጽ ላይ ቀርቷል፤ በጆሮ ላይ ግን ዛሬም አለ። ሁለቱን ቃላት በድምፅ መቀራረባቸው ብቻ ዘመዳሞች ናቸው ማለት አይገባም። የድምፅ መገጣጠም የዝምድና ማስረጃ አይደለምና።

እውነተኛው መገናኛ በሌላ ቦታ ይገኛል። የነቃ ሰው ጎረቤቱን በአማርኛ «እንደምን አደሩ» ይላል፤ በኦሮምኛ «አከም ቡልተን» ይላል። ሁለቱም የሚጠይቁት ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ነው። ከ«አደረ» «አስተዳደረ» እንደ ወጣ፣ ከ«ቡሌ»ም መግዛትና ማስተዳደር ማለት የሆነው «ቡልቹ» ወጥቷል። ድምፃቸው የማይመሳሰል ሁለት ቋንቋዎች ሕዝብን ማስተዳደር ማለት ሰውን በሰላም ማሳደር መሆኑን በአንድ መንገድ ተናግረዋል።

ስለዚህ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ «ነቃ»ን ሲፈታ የግዕዙን ምንጭ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ቋንቋ ጠባይ ቢመለከት እንደሚጠቀም እናምናለን። ለአዲስ ሐሳብ ስያሜ የሚያወጣም ሰው፣ ቃሉ ስለሚነገርለት ሕዝብ ምን እንደሚል አስቀድሞ ይመርምር።