የገና ጨዋታና የልጆች ተራ በዳባት ደጋ

በዳባትና በደባርቅ ደጋ የገብስ አዝመራ ተሰብስቦ ማሳው ከተራቆተ በኋላ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ለልደት በዓል የሚደረገው የገና ጨዋታ፣ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ጥንግን፣ ማለትም ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራ ድቡልቡል ኳስን፣ ወደ ተጋጣሚው ወገን ድንበር መምታት ነው። ጥንጉ ጠንካራ በመሆኑ፣ የሚወነጨፈውም ዱላ ቅልጥምን ስለሚያቆስል፣ ልጅ ዱላውን በቁመቱ ልክ አስቆርጦ ከእኩዮቹ ጋር እየተጫወተ ጉልበቱ እስኪጠና ከጎልማሶቹ መራቁ እጅግ አስተዋይ ሥርዓት ነበር። በዳር የቆመው ሕዝብ ሆታና እልልታም፣ ጌታና ሎሌ እኩል በሚጋጠሙበት በዚህ ሜዳ፣ ለጎበዝ ሁሉ ይደርስ ነበር። በኋላ ዘመን ጨዋታው ደንብ ወጥቶለት ከትግልና ከገበጣ ጋር በአገር አቀፍ የባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥ ተካቷል።