ሥነ ልቦና፦ ከስድስት ኪሎ እስከ ዘነበወርቅ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ በ33 ተማሪዎች ሥራ ሲጀምር መሪው ካናዳዊው ሉሲየን ማት ነበሩ። ማት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ናቸው። ሃይማኖት መስበክ ስላልተፈቀደ ግን እሳቸውም ባልደረቦቻቸውም የካህን ልብስ ትተው ኮትና ከረባት ለበሱ፤ «አባ» መባሉም ቀርቶ «ዶክተር» ተባሉ። የማስተማር ልማዳቸውን ግን ከቀሚሱ ጋር አላወለቁትም። ተማሪው በአንድ ሙያ ከመጥበቡ በፊት ቋንቋ፣ ፍልስፍና፣ ታሪክና ሳይንስ ይቅመስ የሚለው፣ ሊበራል አርትስ የምንለው ነገር፣ የኮሌጁ መሠረት ሆነ።

ታዲያ ሥነ ልቦና የት ነበር? ለረጅም ዘመን የኖረው በመምህራን ትምህርት ጥላ ሥር ነው። ሥራውም የልጅ እድገት፣ ፈተና አወጣጥ፣ የክፍል አያያዝ ነበር። የሚናቅ አይደለም፤ ግን ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ ብዙም አያይም።

እኔ ያደግሁት ኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከጣሊያን ወረራ በፊት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተሠራው ሆስፒታል ነው፤ ሆስፒታሉ ደግሞ በወጣትነቷ ካረፈችው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ ከልዕልት ዘነበወርቅ። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጣው ሰው፣ ዘመድ «ተመለስ» ስለማይለው፣ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ጎጆ ቀልሶ ቀረ። ሰፈራችን እንዲህ ተመሠረተ። በ1954 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ የገባው ዩኒቨርሲቲያችንም እዚህ ድርሻ አለው፤ በ1958 ዓ.ም. አለርት ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ እሱ ነበር። ብዙ ምሩቅ ይህን አያውቅም።

በ1970ዎቹ የተቀናጀ መድኃኒት መጣ። ያኔ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ይወሰድ በነበረው ኪኒን ሰውየው ይድናል። የሰፈሩ ስም ግን ኪኒን አልተገኘለትም። የልዕልቷ ስም በከተማው አፍ የበሽታ ስም ሆኖ ነበርና፣ ሥራ ሲያመለክቱ «ጦር ኃይሎች አካባቢ ነው የምኖረው» የሚሉ ጤነኛ ልጆች አብረውኝ አድገዋል። ታክሲ ውስጥ «ዘነበወርቅ ወራጅ አለ» ላለማለት አንድ ፌርማታ አልፈው በእግራቸው የሚመለሱም ነበሩ።

ይህን ነገር በሥነ ልቦና ኮርስ አላገኘሁትም። ያገኘሁት ማይነሬ በነበረው በሶሲዮሎጂ ነው። ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ የኧርቪንግ ጎፍማንን መጽሐፍ ሳነብ (እሱም እንደ ማት ካናዳዊ ነው!) ስለ ጎረቤቶቼ የተጻፈ መሰለኝ። የተገለለ ሰው ስለ ራሱ ምን እንደሚናገር፣ ምን እንደሚደብቅ፣ ለማን እንደሚደብቅ ቀኑን ሙሉ ሲያሰላ ይውላል ይላል። ቅርብ ዘመዱም መገለሉን ይጋራዋል። የጦር ኃይሎቹ ልጆች እኮ እነዚህ ናቸው! ማይነር ባይኖር ኖሮ አማካሪ ሆኜ «በራስ መተማመን አዳብሩ» እያልኩ እመክራቸው ነበር፤ እነሱ የጎደላቸው ግን እሱ አልነበረም። አሠሪው አድራሻ አይቶ ነው ማመልከቻቸውን የሚጥለው።

ለዚህ ነው በ1990ዎቹ አጋማሽ ዲግሪው ከአራት ዓመት ወደ ሦስት ወርዶ ፍሬሽማን ሲቀር የከፋኝ። ትምህርቱ ወደ መሰናዶ ወርዷል ተባለ፤ ስሙ እንጂ መንፈሱ አልወረደም። ቀጥሎ በ2001 ዓ.ም. ሰባ ሠላሳው መጣ፤ ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመደብ የእኛ ዓይነቱ ትምህርት የተረፈው የሚገባበት መሰለ።

በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ። ከሎጂክ፣ ከጂኦግራፊና ከአንትሮፖሎጂ ጋር ጄኔራል ሳይኮሎጂ የጋራ ኮርስ ሆነ። ጥድፊያ አለበት፣ ሞጁሉም በባዕድ ምሳሌ የተሞላ ነው፤ ቢሆንም ደስ ብሎኛል። የጎረቤቴ ልጅ ምህንድስና ልትገባ ነው፤ ጄኔራል ሳይኮሎጂን «ትርፍ ኮርስ» ትለዋለች። ሞጁሉን ተቀብያት፣ ሰፈራችንን ምሳሌ እያደረግን ሁለት ምዕራፍ አብረን አነበብን። የቀረውን ከሚድ በኋላ እንቀጥላለን ብላኛለች።