አዋራ፤ ስለ አንድ የሕንድ ፊልምና ስለ ዜማው

በአማርኛ አዋራ ማለት ነፋስ የሚያነሣው የመንገድ ትቢያ ነው። በሂንዲ ቋንቋ ግን ይኸው ድምፅ ቤትና ጥሪት የሌለውን፥ መንገድ ለመንገድ የሚንከራተተውን ሰው ያመለክታል። ሁለቱ ቃላት ባይዛመዱም፥ የተናቀ ሰውና የተረገጠ ትቢያ ዕጣቸው አንድ ስለ ሆነ፥ በዚህ ስም ስለሚጠራው ዝነኛ ፊልም ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ፊልሙ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1951፥ ሕንድ ነጻነቷን ካገኘች ከ4 ዓመት በኋላ ነው። አዘጋጁና ዋናው ተዋናይ ራጅ ካፑር ሲሆን፥ ፍቅረኛውን ሆና የተጫወተችው ናርጊስ ናት፤ ዳኛውን ሆነው የሠሩት ደግሞ የራጅ ወላጅ አባት ፕሪትቪራጅ ካፑር ናቸው።

በታሪኩ ውስጥ ያለው ዳኛ የጨዋ ልጅ ጨዋ፥ የሌባ ልጅ ሌባ ይሆናል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ስለዚህም ጃጋ በተባለው ሰው ላይ፥ አባቱ ወንበዴ ስለ ነበረ ብቻ ፈረደበት። ጃጋም ቂሙን ሊወጣ የዳኛውን ነፍሰ ጡር ሚስት ጠልፎ ለቀቃት። ዳኛው ሚስቱን ጠርጥሮ ከቤት አባረራት፤ ልጁም በቦምቤይ የድኾች መንደር አድጎ፥ በጃጋ እጅ ሌብነትን ተማረ። በመጨረሻ በፍርድ አደባባይ ሲቆም ጠበቃ ሆና የተሟገተችለት ሪታ፥ የልጅነት ወዳጁ ናት፤ እርስዋም ያደገችው በዚሁ ዳኛ እጅ ነው። በዚያ ቀን ከልጁ ጋር የአባቱም እምነት ለፍርድ ቀረበ።

ዜማውን የደረሱት ሻንካርና ጃይኪሻን ናቸው። በሕንድ ፊልም ልማድ ተዋናዩ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ የሚሰማው የሌላ ዘፋኝ ድምፅ ነውና፥ ለራጅ ሙኬሽ፥ ለናርጊስ ላታ ማንጌሽካር ዘፈኑ። የፊልሙን ስም የያዘውን ዘፈን ግጥም የጻፈው ሻይሌንድራ፥ አስቀድሞ በቦምቤይ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበረ። ቤተ ሰቡም በቆዳ ሥራቸው ምክንያት ከሚናቁት ወገኖች ነበር። ይሁን እንጂ ዘፈኑ ፈጣንና ደስተኛ ነው፤ የእዘኑልኝ ልመና አይሰማበትም።

በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የሕንድ ፊልም በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ብዙ ወዳጅ አገኘ። በዚያው ዘመን ብዙ የሕንድ መምህራንም በትምህርት ቤቶቻችን ያስተምሩ ነበር። ሕንድ ለጆሮአችንም ፈጽሞ ባዕድ አይደለችም፤ ቡፓሊ የተባለው ራጋ እንደ ትዝታ ቅኝት በ5 ድምፅ የቆመ ነው።

ነገር ግን የፊልሙ ጥያቄ ከዜማው ይልቅ ይቀርበናል። የማጂ ምድር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በባሪያ ፈንጋዮች ክፉኛ ተጎድታ ነበር። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት ባሮችን ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጣ ሕግ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ ተከለከለ። አዋጁ ሰንሰለቱን ፈታ፤ «የማን ልጅ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ግን ከሰው አፍ አላጠፋም። ከማጂ በስተ ሰሜን፥ በከፋ፥ ማንጆ የሚባሉት ወገኖች ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፥ ከቤትም እንዳይገቡ ለብዙ ዘመን ተከልክለዋል። ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂውም እንዲሁ ተንቀዋል። ይህ ንቀት ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም።

እንግዲህ መምህር ተማሪውን በአባቱ ሥራ ሲለካ፥ ሹምም ባለ ጉዳዩን በትውልዱ ሲመዝን፥ በዚያ ዳኛ ወንበር ተቀምጠዋል ማለት ነው። ዳኛው በወንጀለኛነት የናቀው ሰው የገዛ ልጁ ሆኖ ተገኘ። ከተናቁት ወገን የተወለደው ሻይሌንድራ የጻፈውን ዘፈንም፥ ሂንዲ የማያውቀው የሶቪየት ኅብረት ሕዝብ ሳይቀር ዘፈነው። በእኛም አገር የአባቱ ስም እየተጠየቀ ከደጅ የተመለሰ ልጅ፥ ምን ያህል ዜማ ይዞ እንደ ተመለሰ ልናስብ ይገባናል።