የውጤት አድልዎ፦ ሰው ሳያደላ ደንብ ሲያደላ

በአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ ውስጥ አሠሪዎች በዘር፣ በቀለም፣ በጾታና በሃይማኖት ሰው እንዳይለዩ የሚከለክለው ክፍል በሥራ ላይ የዋለው ጁላይ 2 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዕለት በኖርዝ ካሮላይና፣ ድሬፐር በምትባል ቦታ የሚገኘው የዱክ ፓወር ኩባንያ የዳን ሪቨር ኃይል ማመንጫ አዲስ የቅጥር መስፈርት አወጣ። ከጉልበት ሥራ ክፍል ውጪ ለመቀጠር የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት የጽሑፍ ፈተናዎችንም ማለፍ ግድ ነው ተባለ። አንደኛው ዎንደርሊክ የሚባለው የአጠቃላይ ችሎታ ፈተና፣ ሁለተኛው ቤኔት የሚባለው የሜካኒክ ግንዛቤ ፈተና ነበር። በመስፈርቱ ውስጥ “ጥቁር” የሚል ቃል የለም። “ነጭ” የሚልም የለም።

በማመንጫው 95 ሠራተኞች ነበሩ፤ ከእነዚህ 14ቱ ጥቁሮች ናቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ኩባንያው ጥቁሮችን የሚመድበው በጉልበት ሥራ ክፍል ብቻ ነበር፤ ይህንንም አልደበቀም። በዚያ ክፍል ከፍተኛው ደመወዝ በሌሎቹ አራት ክፍሎች ካለው ዝቅተኛ ደመወዝ ያንሳል። ሕጉ ሲመጣ ግልጹ ክልከላ ተነሣና በቦታው ዲፕሎማና ፈተና ቆመ። ከ14ቱ 13ቱ ዊሊ ግሪግስ የተባለውን ባልደረባቸውን በስም አስቀድመው ኩባንያውን ከሰሱ።

በታች ፍርድ ቤቶች በዋናው ክርክር ተሸነፉ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ኩባንያው በዲፕሎማውና በፈተናው ጥቁሮችን ለመጉዳት አስቦ ነበር የሚያሰኝ ነገር አላገኘም። እንዲያውም ትምህርት ለጎደላቸው ሠራተኞች የሁለተኛ ደረጃ ክፍያቸውን ሁለት ሦስተኛ ኩባንያው ይሸፍን ነበር። ክፉ ሐሳብ ከሌለ አድልዎ ከየት ይመጣል? የአብዛኞቻችን የመጀመሪያ ግምት ይኸው ነው፤ የዳኞቹም ነበር።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ማርች 8 ቀን 1971 ድምፅ በሰጡት ስምንቱም ዳኞች ስምምነት ፍርዱን ገለበጠው። ፍርዱን የጻፉት ፕሬዚዳንት ኒክሰን የሾሟቸው ዋና ዳኛ ዋረን በርገር ናቸው፤ ለዘብተኛ ናቸው ብሎ የሚያማቸው አልነበረም። በርገር የኩባንያውን ልብ ለመመርመር አልሞከሩም፤ ቁጥር ተመለከቱ። በ1960ው የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በኖርዝ ካሮላይና ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቁ ነጭ ወንዶች 34 ከመቶ፣ ጥቁር ወንዶች 12 ከመቶ ነበሩ። እነዚያው ሁለት ፈተናዎች ባሉበት በአንድ ሌላ ጉዳይ ላይ ደግሞ ከነጮች 58 ከመቶ ሲያልፉ ከጥቁሮች ያለፉት 6 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽኑ መዝግቦ ነበር። ልዩነቱ ከየት እንደመጣም ፍርድ ቤቱ አልጠፋውም፤ እነዚያ ሰዎች ለዘመናት ተለይተው በዘቀጡ ትምህርት ቤቶች የተማሩ ናቸው።

ጉዳዩን የቆረጠው ግን ቁጥሩ ብቻ አልነበረም። ዲፕሎማው ከመጠየቁ በፊት የተቀጠሩ፣ ዲፕሎማም የሌላቸው፣ ፈተናም ያልተፈተኑ ነጮች በእነዚያው ክፍሎች ሥራቸውን በሚገባ እየሠሩ፣ ዕድገትም እያገኙ ነበር። እንግዲህ መስፈርቱ የሚለካው ምንድን ነው? ቦይለር የሚጠብቅ ሰው ቦይለሩን በደንብ እየጠበቀ ከሆነ፣ በወረቀት ላይ ያለ የቃላት ጥያቄ ስለ ቦይለሩ ምን ይነግረናል? ኩባንያው ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ ፈተናው ከሥራው ጋር ያለውን ግንኙነት አንድም ቀን አጥንቶ አያውቅም። በርገር በፍርዱ ውስጥ የኤዞፕን የቀበሮና የሽመላ ተረት ጠቀስ አድርገዋል። ወተቱ ለሁለቱም ቀርቧል፤ ዕቃው ግን ለአንደኛው አፍ ብቻ የተሠራ ነው። ሕጉ የሚለው ደግሞ ዕቃው ለሁሉም የሚሆን ይሁን ነው።

ከዚህ ፍርድ የተወለደውን ሐሳብ የአሜሪካ ሕግ “ዲስፓሬት ኢምፓክት” ይለዋል። በአውሮፓና በእንግሊዝ ሕግ የሚታወቀው “ቀጥተኛ ያልሆነ አድልዎ” በሚል ስም ነው፤ በአማርኛም እንዲህ ብለው ወይም “በተዘዋዋሪ የሚደረግ አድልዎ” ብለው የሚጽፉ አሉ። እኔ “የውጤት አድልዎ” ብዬዋለሁ። “በተዘዋዋሪ” ስንል አድራጊው ያሰበውን በቀጥታ ሳይናገር ዞሮ አደረገው ማለታችን ነው፤ በተዘዋዋሪ የሰደበ ሰው መሳደቡን ያውቃል። የዚህ ሕግ ነጥብ ግን ከዚያ ተቃራኒ ነው፤ ያሰበ ሰው ቢኖርም ባይኖርም ግድ የለውም። ችግሩ “አደላ” የሚለው ግሥ ራሱ ባለቤት መፈለጉ ነው፤ ማን አደላ? ለማን? ስለዚህ “የውጤት አድልዎ” ጆሮ ላይ ትንሽ ይጎረብጣል። ይጎርብጥ። ሐሳቡም ሲመጣ እንዲሁ ነው የጎረበጠው። ተቃራኒ ጥንዱን፣ ማለትም አንድን ሰው በማንነቱ ምክንያት ሆን ብሎ ለይቶ መያዝን፣ “የአያያዝ አድልዎ” ማለት ይቻላል።

ይህ ሕግ ብዙ ጊዜ “ቁጥር ካልተመጣጠነ ተፈረደብህ” የሚል ደንብ ሆኖ ይወራል። አይደለም። የቁጥር ልዩነት የሚያደርገው አሠሪውን ወደ ጥያቄው ማምጣት ብቻ ነው። አሠራሩን በደንብ የሚያሳየው በ1977 የተወሰነው የአላባማው የእስር ቤት ጠባቂዎች ጉዳይ ነው። ክፍለ ግዛቱ ጠባቂ ለመሆን ቢያንስ 5 ጫማ ከ2 ኢንች ቁመትና 120 ፓውንድ ክብደት ይጠይቅ ነበር፤ በእኛ መለኪያ ወደ 157 ሳንቲ ሜትርና 54 ኪሎ ግራም ገደማ ማለት ነው። ዳያን ሮሊንሰን ክብደቷ አልሞላም ተብላ ተመለሰችና ከሰሰች። በመስፈርቱ የሚወድቁት ሴቶች ከመቶ 41 በላይ ሲሆኑ፣ የሚወድቁት ወንዶች ከመቶ አንድ አይሞሉም። የማስረዳት ሸክሙ እዚህ ላይ ወደ አሠሪው ዞረ። አላባማ ጠባቂ ጉልበት ያስፈልገዋል አለች። ፍርድ ቤቱም ጉልበት ከሆነ የምትፈልጉት ጉልበቱን ለኩ፣ ሚዛንና ሜትር ምን አመጣው አለ። በዚያው ፍርድ ግን ሴትዮዋ ሌላውን ክርክር ተሸነፈች፤ ከፍተኛ ጥበቃ ባላቸው የወንዶች እስር ቤቶች ከእስረኞች ጋር በቀጥታ በሚያገናኝ ሥራ ላይ ሴቶችን አለመመደብ ይቻላል ተባለ። ይህኛው ፍርድ ዛሬም ብዙ የሕግ ምሁራንን ያናድዳል፤ እኔንም።

አሠሪው የሥራውን ግድ ካስረዳ በኋላም ነገሩ አያልቅም። ከሳሹ ለዚያው ግድ ያነሰ ጉዳት የሚያደርስ ሌላ መንገድ እንዳለ ካሳየና አሠሪው አልቀበልም ካለ፣ አሠሪው ይረታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 ሸክሙን በከሳሽ ላይ በጣም ሲያከብደው፣ ኮንግረስ በ1991 ባወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነገሩን መልሶ አስተካከለ፤ ሐሳቡም ከዳኞች ፍርድ ወጥቶ በሕግ አንቀጽ ሰፈረ።

የሐሳቡ ዳርቻ የት ነው የሚለው ሌላ ታሪክ ነው። በ1976 በተወሰነ ጉዳይ፣ በዋሽንግተን ዲሲ ለፖሊስነት ያመለከቱ ጥቁሮች፣ የቃላት ችሎታ የሚለካ ፈተና ከነጮች በአራት እጥፍ የሚበልጡ ጥቁሮችን ይጥላል ብለው ሕገ መንግሥቱን ጠቅሰው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ ሕገ መንግሥቱ የሚከለክለው ሆን ተብሎ የሚደረገውን ነው ብሎ መለሳቸው። እንግዲህ በአሜሪካ አንድ ጉዳት በአዋጅ አድልዎ ሆኖ በሕገ መንግሥት አድልዎ ላይሆን ይችላል። ቻርልስ ሎውረንስ የተባሉት የሕግ ምሁር በ1987 በስታንፎርድ የሕግ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ይህን አካሄድ ክፉኛ ነቅፈዋል። ዘረኝነት በአብዛኛው ሰው ራሱ ሳያውቀው በውስጡ የሚሠራ ነገር ከሆነ፣ “ሐሳቡን አስረዳ” ማለት ተበዳይን የማይገኝ ነገር አምጣ ማለት ነው። በሌላ በኩል ማይክል ሰልሚ በ2006 በጻፉት ጥናት የውጤት አድልዎ ራሱ ስሕተት አልነበረም ወይ ብለው ጠይቀዋል፤ በእሳቸው ዓይን ከጽሑፍ ፈተና ውጪ ባሉ ጉዳዮች ያስገኘው ድል ጥቂት ነው፤ እሱ ላይ መንጠልጠሉም ፍርድ ቤቶች ሆን ተብሎ የሚደረገውን አድልዎ ሰፋ አድርገው እንዳያዩ አድርጓል። ይህ ከሐሳቡ ጠላት የመጣ ነቀፋ ስላልሆነ ሊታለፍ አይገባም።

ከአገሩ ውጪ ላለ አማርኛ ተናጋሪ ከሁሉም የሚቀርበው ግን የመንጃ ፈቃዱ ጉዳይ ይመስለኛል። አላባማ በ1990 እንግሊዝኛን ይፋዊ ቋንቋ አደረገችና የመንጃ ፈቃድ ጽሑፍ ፈተናን በእንግሊዝኛ ብቻ መስጠት ጀመረች። መንዳት የሚችል፣ የመንገድ ምልክት የሚያውቅ፣ እንግሊዝኛ ግን የሚያስቸግረው ሰው ወደቀ። ማርታ ሳንዶቫል የተባለች ነዋሪ ውጤቱ የትውልድ አገርን መሠረት ያደረገ አድልዎ ነው ብላ ከሰሰች፤ ክርክሩም ክፍለ ግዛቱ የፌዴራል ገንዘብ ይቀበላልና የፌዴራሉን ክልከላ ያክብር የሚል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2001 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ የፌዴራል ገንዘብ ተቀባዮችን በሚመለከተው በዚህ የሕግ ክፍል የውጤት አድልዎን ይዞ ግለሰብ ሊከስ አይችልም አለ። ፈተናው አድልዎ አለበት የለበትም የሚለውን አልነካውም፤ በሩን ብቻ ዘጋ። በአንጻሩ የዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ምክር ቤት ፍርድ ቤት ሳይጠብቅ በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥቷል፤ አማርኛም የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

አሁን ያለበት ሁኔታ ደግሞ ይህ ነው። ኤፕሪል 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በውጤት አድልዎ ተጠያቂ ማድረግን በተቻለ መጠን እንዲተዉ የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ። የ1991ዱን አዋጅ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ መሻር ስለማይቻል ግለሰብ ከሳሾች አሁንም በእጃቸው መሣሪያ አላቸው፤ መንግሥት ግን ከጎናቸው ሸሽቷል። አውሮፓ ውስጥ ነገሩ በተቃራኒው እየጠበቀ ነው የሄደው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2007 በቼክ ሪፐብሊክ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ በኦስትራቫ ከተማ የሮማ ሕፃናትን በፈተና እየለየ ወደ ልዩ ትምህርት ቤት የላከው አሠራር፣ ማንም ክፉ ሐሳብ እንደነበረው ማስረዳት ሳያስፈልግ፣ በውጤቱ አድልዎ ነው ብሏል።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ በእኛ አቆጣጠር የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል፤ ስለ ውጤት ግን በስም አይናገርም። የሚናገረው በሌላ በር የገባ ሰነድ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት ቁጥር 111 ስምምነት አድልዎን ሲተረጉም በሥራ ዕድል ላይ የሚያስከትለውን ውጤት መለኪያ አድርጎ ይጠቅሳል፤ ከተከለከሉት ምክንያቶችም አንዱ የማኅበራዊ መሠረት ልዩነት ነው፤ ሥራው በባሕርይው የሚጠይቀውን መስፈርት ግን አድልዎ አይለውም። ስምምነቱ በፈረንጅ 1958 ወጣ፤ ኢትዮጵያም ያጸደቀችው፣ ግጥምጥሞሽ ሆኖ፣ በእኛው 1958 ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ስለሚል ክርክሩ መነሻ አያጣም።

ሊሞከርበት የሚችል ነገርም በየማስታወቂያ ሰሌዳው ተለጥፏል፦ “በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል/የምትችል”። ቋሚ ደመወዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሚያጽፍ፣ ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ ዘመድ ወይም ወዳጅ ማለት ነው። ይህ መስፈርት የማንንም ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ጾታ አይጠራም። ግን ማን ይወድቅበታል? ከገጠር በቅርብ የመጣው፣ በማሳደጊያ ያደገው፣ ከቀዬው የተፈናቀለው፣ ዘመዶቹ ሁሉ አራሽ ወይም ቀን ሠራተኛ የሆኑበት። ፈተናውን አንደኛ ወጥቶ ዋስ አጥቶ የቀረ ሰው በየሰፈሩ አለ፤ በገንዘብ ዋስ የሚከራይበት ገበያ መኖሩም የታወቀ ነው፤ የተከራየ ዋስ ደግሞ የሠራተኛውን ታማኝነት አይመሰክርም።

ይህ ጉዳይ በውጤት አድልዎ ዓይን ቢታይ አሠሪው የሚጠየቀው ዋሱ ስንት ጊዜ የጠፋ ገንዘብ አስመልሶለታል፣ እምነት ማጉደልን የሚሸፍን የኢንሹራንስ ውል እያለስ ለምን ያንን አልመረጠም ተብሎ ነው። ገንዘብ ያዥ ለሚቀጥር አሠሪ የሚለው ነገር አይጠፋውም፤ ካዝና በእጁ ነውና። የጽዳት ሠራተኛ ሲቀጥር ተያዥ የሚጠይቀው ግን ለዳኛው ምን እንደሚመልስ ለመስማት ችሎቱ ፊት ወረፋ እይዝ ነበር።