ከአሸዋ ክምር እስከ ሁሉን አቀፍ መጫወቻ፦ የሕፃናት የጨዋታ ስፍራ ታሪክና የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

በሕክምና ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ሆስፒታሎች፣ ክትባቶችና መድኃኒቶች ሰፊ ቦታ ሲይዙ፣ ሕፃናት የሚጫወቱበት ሜዳ ግን እምብዛም አይነሣም። ይሁን እንጂ ዛሬ በብዙ የዓለም ከተሞች የሚታየው የሕዝብ መጫወቻ ስፍራ ከመነሻው የሐኪም እጅ ያለበት ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው እንደሆነ የሚነገርለት ለታዳጊ ሕፃናት የተዘጋጀ የሕዝብ መጫወቻ የተቋቋመው በአንዲት ሴት ሐኪም ደብዳቤ መነሻነት፣ በአንድ የንጽሕና አጠባበቅ ማኅበር አማካይነት ነበር።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጅማሮ ተነሥቶ ሁለት ጉዳዮችን ይዳስሳል። አንደኛው፣ አሸዋ፣ ውኃ፣ ዛፍና ሣር በመጫወቻ ስፍራ የነበራቸው ቦታ እንዴት እንደተለዋወጠ ነው። ሁለተኛው፣ አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ከዚህ ስፍራ እንዴት እንደተገለሉና በምን መንገድ መመለስ እንደጀመሩ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች ለረጅም ጊዜ ለየብቻ ከመጓዛቸውም በላይ አንዳንድ ጊዜ እርስ በርስ ይጋጩ እንደነበር ታሪኩ ያሳያል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የበርሊን አሸዋ በቦስተን

ማሪ ዛክርዜቭስካ በ1829 በበርሊን ተወለደች። በቻሪቴ ሆስፒታል በአዋላጅነት ሠልጥና በ1852 ዋና አዋላጅ እስከመሆን ደረሰች። ነገር ግን ሴት በመሆኗ የገጠማት ተቃውሞ ስለበዛ በ1853 ወደ አሜሪካ ተሰደደች፤ በ1856 በክሊቭላንድ የሕክምና ዲግሪዋን ተቀበለች። በ1862 በቦስተን ያቋቋመችው የኒው ኢንግላንድ የሴቶችና የሕፃናት ሆስፒታል ሴት ሐኪሞችንና ነርሶችን በማሠልጠን ስመ ጥር ሆነ። በአሜሪካ በሙያው የሠለጠነች የመጀመሪያዋ ጥቁር ነርስ ሜሪ ኤሊዛ ማሆኒ በ1879 የተመረቀችው ከዚሁ ሆስፒታል ነው።

ዶክተር ዛክርዜቭስካ በ1885 በጋ የትውልድ ከተማዋን ስትጎበኝ በበርሊን የሕዝብ መናፈሻዎች ውስጥ የተከመረ አሸዋ አየች። የሀብታምም የድሃም ልጆች በአሸዋው ላይ አብረው ይጫወቱ ነበር። ልማዱ በዚያ አገር ያለ ምክንያት አልበቀለም፤ ፍሪድሪክ ፍሮቤል በ1840 «ኪንደርጋርተን»፣ ማለትም «የሕፃናት አትክልት ስፍራ»፣ ብሎ የሰየመው ትምህርት ቤት ሕፃን በአፈር፣ በተክልና በጨዋታ ያድጋል የሚል እምነት አስፋፍቶ ነበር። ሐኪሟ ያየችውን ለማሳቹሴትስ የድንገተኛ እርዳታና የንጽሕና ማኅበር በደብዳቤ ገለጠች። ማኅበሩም በዚያው ዓመት ስደተኞች ተጨናንቀው በሚኖሩበት በሰሜናዊው የቦስተን ሰፈር፣ በፓርሜንተር ጎዳና በሚገኝ የጸሎት ቤት ግቢ፣ አሸዋ አስከመረ። በሐምሌና በነሐሴ ስድስት ሳምንታት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በአማካይ 15 ያህል ሕፃናት ይመጡ ነበር። በ1887 የአሸዋ ሜዳዎቹ ቁጥር አሥር ደረሰ፤ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሴት ተቆጣጣሪዎችም ተቀጠሩ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። የመጀመሪያው፣ ሥራው የተጀመረው በርካሽ ቁስና በቁርጠኛ ሰው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ማኅበሩ መጫወቻውን የተመለከተው እንደ ቅንጦት ሳይሆን ከንጹሕ አየር፣ ከፀሐይ ብርሃንና ከሕፃናት ጤና ጋር አያይዞ መሆኑ ነው።

ብረትና አስፋልት

ሐሳቡ በፍጥነት ተስፋፋ፤ በ1906 የአሜሪካ የመጫወቻ ስፍራዎች ማኅበር በዋሽንግተን ተቋቋመ። ሆኖም እንቅስቃሴው እያደገ ሲሄድ ቁሱ ተለወጠ። አሸዋ ማጽዳትና መተካት ይጠይቃል፤ ሣር ይረገጣል፤ ዛፍ ይሰበራል። ብረትና አስፋልት ግን ዓመታትን ይሻገራሉ። በ1923 የባለቤትነት መብት የተሰጠው፣ ልጆች የሚንጠላጠሉበት የብረት ጥልፍልፍ፣ የዚያ ዘመን መለያ ሆነ። ሸርተቴው ረዘመ፣ ዥዋዥዌው ከፍ አለ፣ ከሥራቸው ያለው መሬት ደግሞ ጠነከረ።

የዚህ ለውጥ ዋጋ በድንገተኛ ክፍሎች ታየ። በመጫወቻ ስፍራ ከሚደርሱ ጉዳቶች አብዛኞቹ ከከፍታ ወደ መሬት በመውደቅ የሚከሰቱ ናቸው፤ የጉዳቱ ክብደትም በከፍታውና በመሬቱ ጥንካሬ ይወሰናል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን የመጀመሪያውን የመጫወቻ ስፍራ ደኅንነት መመሪያ ያወጣው በ1981 ሲሆን፣ ከመሣሪያዎች ሥር ልቅ አሸዋ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም ጎማ እንዲኖር የሚመክረው ሐሳብ ከዚህ ዕውቀት የመነጨ ነው።

በሌላ በኩል ይኸው ዘመን የፖሊዮ ወረርሽኝ ዘመን ነበር። በ1916 በኒውዮርክ ከተማ ብቻ ወደ 9,000 የሚጠጉ ሰዎች ሲታመሙ ከ2,000 በላይ ሞቱ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በሽታው በበጋ በተነሣ ቁጥር በብዙ ከተሞች መዋኛዎችና መጫወቻዎች ይዘጉ ነበር። ወረርሽኙ ሲያልፍ በሮቹ ይከፈታሉ፤ ሆኖም በክራንችና በብረት ድጋፍ የሚራመዱት ልጆች ሲመለሱ የሚጠብቃቸው መሰላል፣ ደረጃና ከፍ ያለ ሸርተቴ ነበር። ሕክምናው ሕይወታቸውን አትርፎ፣ የመተንፈሻ መሣሪያና የአካል ድጋፍ አቅርቦ ወደ ቤታቸው መለሳቸው፤ ወደ እኩዮቻቸው ግን አልመለሳቸውም።

ከጦርነት ፍርስራሽ የወጣ ሐሳብ

የብረቱን መጫወቻ የተገዳደረው ሐሳብ ከዴንማርክ መጣ። የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያው ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን ልጆች ከተሠራላቸው ሜዳ ይልቅ በግንባታ ቦታዎችና በተጣለ ዕቃ መካከል መጫወት እንደሚመርጡ አስተውሎ ነበር፤ ይህንንም በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሯል። በ1943፣ አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለ፣ በኮፐንሃገን ኤምድሩፕ በተባለ የመኖሪያ መንደር ሐሳቡ በሥራ ተተረጎመ። ልጆቹ ሳንቃ፣ ጡብ፣ አፈርና ውኃ ተሰጣቸው፤ አብሯቸው የሚውል መሪም ተመደበላቸው። ሶረንሰን ይህን ስፍራ ከሥራዎቹ ሁሉ መልከ ጥፉው፣ ለእርሱ ግን ከሁሉም የሚያምረው እንደሆነ ይናገር ነበር።

በ1946 ስፍራውን የጎበኘችው እንግሊዛዊቷ ማርጆሪ አለን፣ በማዕረግ ስሟ ሌዲ አለን ኦቭ ኸርትዉድ፣ ሐሳቡን ወደ ለንደን ወሰደችው። በአትክልት ልማት የተማረችውና በመልክዓ ምድር ንድፍ ሙያ የታወቀችው ይህች ሴት፣ ቀደም ብሎ በ1944 በማሳደጊያ ተቋማት ስለሚኖሩ ሕፃናት አያያዝ በጋዜጣ ባስነሣችው ክርክር ትታወቃለች። ክርክሩ መንግሥት አጣሪ ኮሚቴ እንዲያቋቁምና በ1948 የሕፃናት ሕግ እንዲወጣ መንገድ ከጠረጉት ጉዳዮች አንዱ ነበር። በቦምብ በፈራረሱ የለንደን ቦታዎች ላይ መጫወቻዎች እንዲከፈቱም ያለ ዕረፍት ተከራከረች።

ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በኋላ የሠራችው ነው። የአካል ጉዳተኛ ሕፃናት የጀብዱ መጫወቻ ማኅበር በ1966 ተቋቁሞ የመጀመሪያውን ስፍራ በ1970 በቼልሲ፣ በአንድ የቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ መኖሪያ የአትክልት ግቢ ውስጥ ከፈተ። በዚያ ዘመን ለእነዚህ ልጆች ጥበቃ ማለት ከአደጋ ማራቅ፣ ማራቅ ማለት ደግሞ ቤት ማስቀመጥ ነበር። የቼልሲው ግቢ ግን አካሉ የተጎዳም ሆነ የአእምሮ ዕድገቱ የዘገየ ልጅ ጭቃ መንካት፣ ኮረብታ መውጣት፣ መሞከርና መሳት ያስፈልገዋል የሚል አቋም ይዞ ተነሣ። የተፈጥሮ ቁሳቁስና አካል ጉዳተኛ ሕፃን ሆን ተብሎ በአንድ ግቢ ከተገናኙባቸው ቀደምት ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው። ሆኖም ስፍራው በዋናነት ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ነበር፤ ከሌሎች ልጆች ጋር እኩል መጋራት የሚለው ጥያቄ ገና መልስ ይጠብቅ ነበር።

ሕግና ልኬት

መልሱ በከፊል ከሕግ መጣ። በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ጨዋታን እንደ መብት አወቀ። በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 30 አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ከሌሎች ሕፃናት ጋር እኩል በጨዋታና በመዝናኛ የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ደነገገ። በአሜሪካ የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ፣ በ2000 ለመጫወቻ ስፍራዎች ዝርዝር ልኬት ተዘጋጀ፤ ከ2012 ጀምሮም አስገዳጅ ሆነ። በዚህ ልኬት መሠረት መሬት ላይ ያለው መንገድ ቢያንስ 1.5 ሜትር ያህል ስፋት ይኖረዋል፤ ተዳፋቱም በ16 ሜትር ርዝመት ከ1 ሜትር በላይ ከፍ ሊል አይችልም።

የክርክሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዶክተር ዛክርዜቭስካ ያመሰገነችው አሸዋ የተሽከርካሪ ወንበርን ጎማ ይውጣል፤ የክራንችን ጫፍም ያሰጥማል። ለወደቀ ልጅ ጭንቅላት የሚራራው ልቅ መሬት፣ መራመድ ለሚቸገረው ልጅ አጥር ነው። ስለዚህ መሬቱ በአንድ በኩል ውድቀትን የሚያለዝብ፣ በሌላ በኩል ጎማን የሚሸከም እንዲሆን ተፈለገ፤ የተጠቀጠቀ የእንጨት ጭረትና የጎማ ንጣፍ በዚህ ምክንያት ተስፋፉ። ለአሸዋው የተገኘው መፍትሔ ይበልጥ ቀላል ነበር፤ አሸዋውን በጠረጴዛ ከፍታ ማስቀመጥና ጉልበት የሚገባበት ክፍት ቦታ ከሥሩ መተው። ልጁ ወደ አሸዋው መውረድ ካልቻለ አሸዋው ወደ ልጁ ይወጣል።

ተፈጥሮ ሲመለስ

በ1971 በካሊፎርኒያ በርክሊ ከተማ፣ በዋሽንግተን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የአስፋልት ግቢ ተነሥቶ ኩሬ፣ ዛፍና ሜዳ መተካት ተጀመረ። ሥራውን ከመሩት አንዱ የሆነው ሮቢን ሙር ከባልደረቦቹ ጋር በ1987 ያሳተመው መመሪያ የተፈጥሮ ቁሳቁስንና የሁሉንም ሕፃናት ተደራሽነት በአንድ የንድፍ ሐሳብ አዋሐደ። በዚሁ ዘመን በአሜሪካ የሰፈር ሰው ተሰባስቦ በራሱ ጉልበት መጫወቻ የሚገነባበት ልማድ ተስፋፋ። በ1996 በኮነቲከት ግዛት፣ በዌስት ሃርትፎርድ፣ በአከርካሪ ሕብለ ሰረሰር ምክንያት በሚመጣ የጡንቻ መመንመን ሕመም ለሞተ ሕፃን መታሰቢያ በብዙ በጎ ፈቃደኞች የተገነባው ስፍራ ለሌሎች ሁሉን አቀፍ መጫወቻዎች አርአያ ሆኗል።

ይሁንና ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ ጤናማ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት ብዙ መጫወቻዎች የተሠሩበት እንጨት እንዳይበሰብስ በክሮሚየም፣ በመዳብና በአርሰኒክ ውሕድ የተነከረ ነበር። አርሰኒኩ ወደ ልጆች እጅና ወደ አፈር ሊሸጋገር እንደሚችል በመታወቁ፣ አምራቾች በ2003 መጨረሻ ለመኖሪያና ለመጫወቻ የሚውለውን እንዲህ ያለ እንጨት ማቅረብ አቆሙ። ያልተሸፈነ አሸዋም የውሻና የድመት ዓይነ ምድር ካገኘው የቶክሶካራ እንቁላል መገኛ ሊሆን ይችላል።

ጥቅሙስ? በ2020 የታተመ የፊንላንድ ጥናት ለዚህ አንድ ፍንጭ ሰጥቷል። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 የሆኑ 75 ሕፃናት በአሥር መዋያዎች ተጠንተው ነበር። በአራቱ መዋያዎች ግቢ የደን ወለል አፈርና ሣር ተነጥፎ ልጆቹ በ28 ቀናት ውስጥ በየዕለቱ ሲጫወቱበት፣ በቆዳቸው ላይ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ስብጥር ጨመረ፤ በደማቸውም የበሽታ መከላከያ ሥርዓትን ሚዛን የሚጠብቁ ምልክቶች መሻሻል አሳዩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በሽታ ቀነሰ የሚል መደምደሚያም አይሰጥም። ቢሆንም ፍሮቤልና ዛክርዜቭስካ በዓይን ምልከታ ብቻ የያዙትን ሐሳብ በቤተ ሙከራ የመመርመር ጅማሮ ነው።

ማጠቃለያ

ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶችን ስምምነት በ1991፣ የአካል ጉዳተኞች መብቶችን ስምምነት በ2010 ተቀብላለች። የ2009ኙ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ የአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ ለአገራችን የጤና ባለሙያ የውጭ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት ወይም በቀበሌ ግቢ መጫወቻ ሲታሰብ፣ የሰፈሩ ሰው ድንጋዩንና ጉልበቱን ሲያዋጣ፣ የጤና ባለሙያው የሚያዋጣው ዕውቀት አለ። ከሸርተቴው ሥር ያለው መሬት ምን ያህል ልል ነው? ከበሩ እስከ ዥዋዥዌው ያለው መንገድ ተሽከርካሪ ወንበር ያሳልፋል ወይ? አሸዋው ማታ ይሸፈናል ወይ? በአጥሩ ጥግ የበቀለው ጉሎ ወይም አስተናግር ፍሬው ወደ ሕፃን አፍ እንዳይደርስ ተነቅሏል ወይ?

ከሁሉ በላይ ታሪኩ የሚያስተምረው፣ የተገለለ ልጅ ወደ ጨዋታ የተመለሰው በቁስ ብዛት አለመሆኑን ነው። በቦስተን አንድ ጋሪ አሸዋ፣ በኤምድሩፕ የተጣለ ሳንቃ፣ በቼልሲ አሮጌ የአትክልት ግቢ በቂ ነበር። በሦስቱም ስፍራ ግን ከልጆቹ ጋር የሚውል ሰው አለ። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ በፊዚዮቴራፒ ክፍል የተማረውን መቀመጥና እጅ መዘርጋት የሚለማመደው፣ ያገኘውንም አቅም የሚያቆየው፣ እኩያው ባልዲ ሲያቀብለው ነው። የሕክምና ቀጠሮው በወር አንድ ቀን ቢሆን ጨዋታው በየቀኑ ነው። እንግዲህ ለቤተሰቡ የሚጻፈው ምክር ከመድኃኒቱና ከቀጠሮው ጋር ልጁ የት እንደሚጫወት የሚጠይቅ አንድ መስመር ቢጨመርበት፣ ከ1885ቱ ደብዳቤ ጋር የሚዛመድ ሥራ ይሆናል።